ጉዮ የማን ዘር ነው? የቤተሰብ ስም ካርታ አሬሮ ሲደርስ

አንድ የኖርዌይ ጓደኛ አለኝ፤ እንደኔው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። የቤተሰብ ስሙ በአገሩ ብርቅ ከሚባሉት ነው። አንድ ቀን የስም ስርጭት በካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፍቶ ስሙን አስገባ። አገሩ በሙሉ ነጭ ሆኖ በምዕራቡ ዳርቻ አንድ ሸለቆ ብቻ ቀላ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ያውልህ፣ የቅድመ አያቴ እርሻ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ኮምፒውተሩን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ «አሬሮ» ብዬ ጻፍኩ። ኢትዮጵያ ቀላች፣ ኬንያም ቀላች። ከሥሩ ደግሞ «ይህ የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር፣ ከጎኑም የደረጃ ቁጥር ወጣ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አሬሮ የከተማና የወረዳ ስም ነው። የሰው ስምም ነው፤ በቦረናም በጉጂም አሬሮ የሚባሉ ሰዎች ሞልተዋል። የቤተሰብ ስም ግን አይደለም። ድረ ገጹ የቆጠረው አባታቸው ወይም አያታቸው አሬሮ የተባሉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁና የማይዛመዱ ሰዎችን ነው። በዚህ ጽሑፍ መተቸት የምፈልገው ያንን አንድ ድረ ገጽ አይደለም። ከጀርባው ያለውን፣ እኛ ተማሪዎችም ሳናስብ የምንወርሰውን ሐሳብ ነው፤ የሰው ሙሉ ስም የመጨረሻው ቃል ዘሩን ይዞ ይጓዛል የሚለውን።

ፍትሐዊ ለመሆን ሐሳቡ በተወለደበት አገር ምን ያህል እንደሚሠራ እንይ። ኖርዌይ ውስጥ ለረጅም ዘመን የገጠር ሰው ስም እንደኛው ነበር። የሃንስ ልጅ ሃንሰን፣ የኦላ ልጅ ኦልሰን፤ ሴት ከሆነች ደግሞ መጨረሻው «ዳተር» ይሆናል፣ «ሴት ልጅ» ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚኖርበት የእርሻ ቦታ ስም ይጨመርለታል። የእርሻው ስም ግን የዘር ስም አልነበረም፣ አድራሻ ነበር እንጂ። ሰውየው ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወር ስሙም አብሮ ይለወጣል። ወደ ሚስቱ እርሻ የገባ ባል የሚስቱን እርሻ ስም ይይዛል። በእርሻው ላይ የሚኖር ጭሰኛም በዚያው ስም ሊጠራ ይችላል፣ ከባለቤቱ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖረው።

እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣው የስም ሕግ ይህን ሁሉ ባለበት አስቆመው፤ ሁሉም ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ግድ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይነቃነቅ መተላለፍ የጀመረው። የአባት ስም የያዙት ሃንሰንና ኦልሰን ሆነው በዙ። የትንሽ እርሻ ስም የያዙት ደግሞ ጥቂት ሆነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አዲሱ የስም ሕግ ለብርቅ ስም መለኪያ አስቀመጠ፤ 200 ወይም ከዚያ ያነሱ ሰዎች የያዙትን ስም ሌላ ሰው እንዲሁ ተነሥቶ መውሰድ አይችልም፣ የባለ ስሞቹን ፈቃድ ማግኘት አለበት። እንግዲህ ብርቅ ስም እዚያ የሕግ ጥበቃ ያለው ንብረት ነው።

የኖርዌይ ስም ለደቡብ ኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በአካባቢያችን ሠርቷል። በ1985 እና 86 በደቡብ ኢትዮጵያ የደረሰውን ረሃብ አጥንቶ በ1990 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተመው ሐኪም በርንት ሊንትዮርን ይባላል። የስሙ መጨረሻ «ትዮርን» ትንሽ የተራራ ሐይቅ ማለት ነው። ሰውየው ስለ ውኃ ማጣት የጻፈው የውኃ ስም ይዞ ነው፤ ይህ ግን የአጋጣሚ ነገር ስለሆነ ልለፈው።

ልብ በሉ፤ ካርታው ኖርዌይ ላይ የሚሠራው የኖርዌይ ሰው ከእኛ የተለየ የዘር ሥርዓት ስላለው አይደለም። በ1923 አንድ ሕግ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ስላስቆመው ነው። ጎረቤቷ አይስላንድ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ ተቃራኒውን ወሰነች፤ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከለከለች። ዛሬም አይስላንዳውያን በአባት ወይም በእናት ስም ይጠራሉ፣ የስልክ ማውጫቸውም በተጸውዖ ስም ነው የሚደረደረው። ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሁለት ባህሎች፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት መንገድ።

እኛስ? የሚገርመው እኛ ሁለቱንም መርጠናል፤ አንዱን በወረቀት፣ ሌላውን በኑሮ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዴቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32ን ገልጣችሁ እዩ። ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት ቢሆን እኔም ዛሬ እንደ ጓደኛዬ የሚቀላ ሸለቆ ይኖረኝ ነበር። ግን ነገሌ ሄዳችሁ ያቤሎ፣ ባሕር ዳር ሄዳችሁ አዲስ አበባ፣ ጸሐፊው የሚጠይቃችሁ ያው «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ነው። ሕጉ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ የቤተ ዘመድ ስም የሚባለው ግን ከአንቀጹ አልወጣም።

አሁን ወደ ቦረና ስም እንምጣ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚጣፍጠው እዚያ ነው። ቀን የተወለደ ወንድ ልጅ ጉዮ ይባላል፤ ሌሊት የተወለደ ሃልካኖ። ጠዋት ከሆነ ቦሩ፣ ሲመሽ ከሆነ ገልገሎ። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደ ሮባ ነው፣ በሥርዓተ በዓል ሰሞን የተወለደ ጂሎ። ቦናያ የበጋ ልጅ ነው። ጎዳና ደግሞ ከብቱን ይዞ ሰው በሚሰደድበት ጊዜ የተወለደ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ «ስሙ አስፋልት ነው?» ብለው ይስቃሉ፣ ቃሉ ግን መጓዝ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቦናያ አዲ ጎዳና ስም ውስጥ አንድ የበጋ ወቅትና አንድ የመንጋ ጉዞ አለ።

ታዲያ «ጉዮ» የሚለው ስም የት በዛ ብሎ የሚጠይቅ ካርታ የሚለካው ምንድን ነው? ኢሲኦሎ ያለ ጉዮና ነገሌ ያለ ጉዮ የሚጋሩት አያት የለም። የሚጋሩት ፀሐይን ነው። ስሙ በአንድ ቦታ ተፈጥሮ ከዚያ የተሰራጨ አይደለም፤ ቀን ላይ ልጅ በተወለደ ቁጥር እንደ አዲስ ሊፈጠር ይችላል። ምህንድስና ለተማረ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ከአንድ ማሰራጫ የወጣ ምልክት ነው፣ ሌላው በሁሉም ቦታ ያለ የጀርባ ድምፅ። ሁለቱን በአንድ ቀለም መቀባት አይቻልም።

የአጻጻፍ ጣጣም አለ። በቁቤ ሲጻፍ ሁለት ዋይና ሁለት ኦ ያለው ስም የኬንያ መታወቂያ ላይ አንድ ዋይና አንድ ኦ ይዞ ይወጣል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ብርቅ የቤተሰብ ስም» ተብሎ የተዘረዘረው አንዳንዱ የአንድ ጸሐፊ የእጅ ጠባይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ይህ ቀልድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን የስም ሳይንስ ረጅም እጅ አለው። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን በ1875 አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያላቸው ጥንዶችን ቆጥሮ በእንግሊዝ የአጎትና የአክስት ልጆች ጋብቻ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ሞከረ። በ1965 ክሮውና ማንጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ሐሳብ ወደ ቀመር ለወጡት፤ ከስም ተነሥቶ የዘመዳሞች ጋብቻን መጠን ማስላት ማለት ነው። በ2000 ደግሞ ብራያን ሳይክስ የራሱን ስም የያዙ እንግሊዛውያንን ዲኤንኤ መርምሮ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የዋይ ክሮሞዞም እንዳላቸው አገኘ። ለአንድ የቆየ እንግሊዛዊ ስም ግሩም ውጤት ነው። ሌላው ግማሽ አለመመሳሰሉም አይዘንጋ።

የክሮውንና የማንጅን ቀመር ወደ አሬሮ ውሰዱት። አባቱ ጉዮ የሆነ ወንድ፣ አባቷ ጉዮ የሆነች ሴት ያገባል፤ ቀመሩ «ዘመዳሞች» ይላቸዋል። ቦረና ግን ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች የተከፈለ ነው፤ ሳቦ የሚያገባው ከጎና፣ ጎና የሚያገባው ከሳቦ ነው። በአባት ወገን እንዳይጋቡ ሕዝቡ ራሱ ስልት ያበጀላቸውን ሰዎች ቀመሩ ያለ ኃጢአታቸው ይከሳቸዋል።

እኔም ከዚህ ስህተት ንጹሕ አይደለሁም። ለመመረቂያ ጽሑፌ የስም ዝርዝሮችን በቤተሰብ የሚያሰባስብ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ከመጽሐፍ እንዳነበብኩት የሙሉ ስሙን የመጨረሻ ቃል ቁልፍ አደረግሁ። ውጤቱ ያሳፍር ነበር። ቦሩ ጉዮ የሚባል አባትና ሃልካኖ ቦሩ የሚባል ልጁ በሁለት ቤተሰብ ተመደቡ። አንዱ ሁለት ስም፣ ሌላው ሦስት ስም ተጽፎላቸው የተመዘገቡ ወንድማማቾችም ተለያዩ። በአንጻሩ ምንም የማይገናኙ የጉዮ ልጆች አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ታጎሩ። ይህ በእውነተኛ የክትባት ወይም የእርዳታ መዝገብ ላይ ቢሠራ አንዱ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ሌላው ጨርሶ ይቀራል። ድርቅ በሚመላለስበት ቆላ ይህ የኮድ ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአንድ ቤት የስንዴ ድርሻ ነው።

እንግዲህ በቦረና እንደ ኖርዌዩ ስም ሳይነቃነቅ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነገር የለም ማለት ነው? አለ እንጂ፤ ጎሳው ነው። ከሳቦ ካራዩ፣ ዲጋሉ፣ መታሪ አሉ፤ በጎና በኩል ደግሞ ብዙ ሌሎች። ጎሳ ከአባት ይወረሳል፣ ሰው ቢሰደድም አይለወጥም። ነገር ግን መታወቂያ ላይ አይጻፍም። ካርታ ላይ ቢወጣ እንኳ እንደ ጓደኛዬ ሸለቆ አንድ ቦታ አይቀላም፤ የአንድ ጎሳ ሰዎች በመላው አገር ተበትነው ነው የሚኖሩት። የጎሳ ስም ከቦታ ጋር ተጣብቆ የሚገኘው ጉድጓድ ላይ ነው። እንደ ዱብሉቅ ባሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ሰዎች ተሰልፈው እየዘፈኑ ውኃ በሚያወጡበት ቦታ፣ ጉድጓዱ የማን ጎሳ እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ይታወቃል። ለኖርዌዩ እርሻ አቻ ፈልጉ ብትሉኝ የማሳየው ይህንን ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንግዲያው ጎሳውን መዝገብ ውስጥ እናስገባው፣ ችግሩ ይፈታል» ይሉኛል። አልስማማም። የአካባቢውን ግጭቶች ያየ ሰው ጎሳና ወገን የተጻፈበት ወረቀት በክፉ ቀን ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያቅተውም። ጎሳ ሽማግሌ አፍ ላይ ሲሆን የጋብቻ መመሪያና የችግር ጊዜ መረዳጃ ነው፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ነው መልሶ የሚያቋቁመው። ሰርቨር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። የቤተሰብ ስም እንያዝ የሚሉትም አሉ። ለእነሱ መልሱ አንቀጽ 32 ራሱ ነው፤ ተሞክሮ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ነው ያገኘሁት። የእኛ ስም ሰንሰለት ነው። የልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም የአባቱ አንደኛና ሁለተኛ ነው፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የመጨረሻ ቃልን ከመጨረሻ ቃል ጋር ማስተያየቱን ትቶ፣ አንዱን ስም በአንድ ደረጃ አንሸራትቶ ከሌላው ጋር እንዲያስተያይ አደረግሁት። አባትና ልጅ ተገናኙ። ሁለት ስም ብቻ የተጻፈለትም ወንድሙን አገኘ። የእናት ስም ሲጨመር ደግሞ የታጎሩት ጉዮዎች ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ሰንሰለቱ ራሱ ወዳጅ የማይመስል ባሕርይም አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አሬሮ ላይ ከኩራ ጃርሶ ሥልጣን የተረከቡት 72ኛው የቦረና አባ ገዳ ጉዮ ቦሩ ጉዮ ይባላሉ። አያትም ጉዮ፣ የልጅ ልጅም ጉዮ። ቀን፣ ንጋት፣ ቀን። የእኔ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ስም ሲመጣለት አያትንና የልጅ ልጅን እንዳያምታታ የልደት ዓመት ይጠይቃል። ዓመቱ ካልተመዘገበ ደግሞ «በማን ገዳ ተወለደ?» የሚል አማራጭ ቦታ ጨምሬበታለሁ፤ የአንድ አባ ገዳ ዘመን ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ በቦረና ሽማግሌ ዘንድ ይህ ጥያቄ ከልደት ቀን ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል።