ከትራክተሩ ኋላ ያለው ሾፌር

ትራክተር ያየ ሾፌር ፍጥነቱን አይመዝንም። ገና ሳይመዝን "ቀርፋፋ ነው" ብሎ ደምድሟል። ከገጠር መገንጠያ ብቅ ሲል ከሩቅ ያየኛል፤ እስኪደርስ እገባለሁ ይልና ይገባል። እኔ ግን በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር እየመጣሁ ነው፤ በየሰከንዱ 18 ሜትር ማለት ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ፌንስ በሚባለው ሜዳ፣ ስንዴና ድንች በፈጣን ትራክተር ሳመላልስ የኖርኩት በዚህ ግምት መሃል ነው። ከሥራዬ ከባዱ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ሌላው ሾፌር ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ ቀድሞ ማወቅ ነው እላለሁ።

አርሲ ውስጥ ሙያውን የጀመርኩበት ማሴ ፈርጉሰን ሞላ አልነበረውም። የአብዛኛው ትራክተር የኋላ አክስል ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል ነው፤ መንገዱን የሚያለሰልስለት የጎማው አየር ብቻ ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲጠጋ ማረግረግ ይጀምራል፣ መሪውም ይቀላል። የእንግሊዙ ማሽን አምራች ጄሲቢ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ፋስትራክ የተባለ ትራክተር ይህንን ለወጠው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላና አሞርዛተር፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ይዞ መጣ። የእንግሊዝ ሕግም ልዩነቱን ያውቃል። ለተራ ትራክተር የተፈቀደው በሰዓት 20 ማይል ነበር፤ በ2015 ወደ 25 ማይል፣ ማለትም ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ሞላ ያለውና ፍሬኑ ለፍጥነቱ የሚመጥን ትራክተር፣ ተሳቢውም እንደዚያው ከሆነ፣ እስከ 40 ማይል ይሄዳል። ከ40 ኪሎ ሜትር ወደ 65 ስትወጣ ግን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በ2019 የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪው ጋይ ማርቲን የተሻሻለ ፋስትራክ በኤልቪንግተን አውሮፕላን ማረፊያ በአማካይ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ትልቅ ሥራ ነው። እዚያ ግን ከመገንጠያ ብቅ የሚል መኪና የለም፤ ከኋላም የሚገፋ 14 ቶን ስንዴ የለም።

የሚገፋ ስል አውቄ ነው። የዛሬ ትራክተሮች ብዙዎቹ ማርሽ አያስቀይሩም። ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ትራንስሚሽኑ ራሱ ትራክተሩን ይይዘዋል፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ሳትነካ ልትውል ትችላለህ። ምቾቱ ደስ ይላል፤ አደጋውም ያለው እዚያው ነው። የተሳቢው ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የፍሬን ፔዳሉን ስትረግጥ ነው። ካልረገጥክ፣ ትራክተሩ ሲቀዘቅዝ ተሳቢው በነበረበት ፍጥነት መጥቶ ይገፋሃል። በደረቅና ቀጥ ባለ መንገድ ወንበሩ ላይ ትንሽ ግፊት ይሰማሃል፣ ያልፋል። ዝናብ በነካው፣ ከማሳ የወጣ ጭቃ በተለጠፈበት ኩርባ ላይ ግን የኋላ ጎማህ ይከዳህና ተሳቢው ትራክተሩን አጣምሞ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ እግሬ መጀመሪያ ፍሬኑን በስሱ ይነካል፤ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲይዘኝ ሲሰማኝ ነው ነዳጁን የምለቀው። አርሲ ያስተማሩኝ ጋሼ ቁልቁለት ላይ በፎሌ መልቀቅን አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። "ልጄ፣ ነዳጅ ቆጥበህ ነፍስ እንዳትከፍል" ይሉኝ ነበር። አስፋልት ከመውጣታችን በፊትም ጎንበስ ብለው፣ ማሳ ውስጥ ለመጠምዘዝ ለየብቻ የምንረግጣቸው የግራና የቀኝ ፍሬኖች በመቀርቀሪያው መያያዛቸውን በእጃቸው ሳያረጋግጡ አይነሱም።

የፌንስ መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። አገሩ ድሮ ረግረግ ነበር፤ ውኃው በቦይ ሲጠነፈፍ ጥቁሩ አፈር እየደረቀና እየሰመጠ ሄዶ መንገዱን ሞገድ አስመስሎታል። ከጎኑ ጥልቅ ቦይ አለ። ሞላ ያለው ትራክተር ያንን ሞገድ ለሾፌሩ ስለማያሰማው ወንበሩን አምኖ መንዳት አይቻልም። እኔ የማምነው ስፔኪዮውን ነው፤ የተሳቢው ጎማ እየነጠረ ካየሁ፣ እኔ የቱንም ያህል ተመችቶኝ ብቀመጥ፣ ፍጥነቱ ለዚያ መንገድ በዝቷል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ወደ ቀኝ፣ ወደ ማሳ በር ስታጠፍ ነው። እንግሊዝ በግራ ስለሚነዳ ወደ ቀኝ መታጠፍ መንገዱን ማቋረጥ ነው። በ25 ማይል የሚሄድ ትራክተር የሚከተል ሾፌር ይበሳጫል፤ በ40 ማይል ስሄድ ግን ከኋላዬ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ይህ የፈጣን ትራክተር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ትራክተር ምን ያሮጠዋል የሚሉትን የማልቀበለውም ለዚህ ነው። ሆኖም በሩ ሲቃረብ ፍጥነት መቀነስ ስጀምር፣ ያ ረግቶ ሲከተለኝ የነበረ ሰው "ሊታጠፍ ነው" አይልም። "ዛለ፣ አሁን ልቅደመው" ነው የሚለው። እኔ ለመታጠፍ የምቀንስበትና እሱ ለመቅደም የሚወጣበት ቅጽበት አንድ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬቻውን የማበራው ገና በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለሁ ነው። ወደ መሃል መስመሩ እጠጋለሁ፤ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጌ ቀዩን መብራት አሳየዋለሁ። ስፔኪዮው ባዶ ነው ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም፤ በተሳቢው የተከለለ መኪና የሚታየው ለመቅደም አፍንጫውን ሲያወጣ ብቻ ነው። መሪውን ከማዞሬ በፊት ደግሜ አያለሁ። አፍንጫ ብቅ ካለ መታጠፉን ትቼ አሳልፈዋለሁ፤ ስንዴው ትንሽ ቢዘገይ ምንም አይሆንም።

በእንግሊዝ ሕግ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው የ17 ዓመት ልጅ፣ ከነጭነቱ 31 ቶን የሚደርስ ትራክተርና ተሳቢ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ያንኑ ክብደት በከባድ መኪና ልጎትት ቢል ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ጀርመኖች ቢያንስ ፈቃዱን በፍጥነት ከፍለውታል፦ "ኤል" እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ "ቲ" እስከ 60፤ በ"ቲ" ከ40 በላይ ለመንዳትም 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። እዚህም እንዲሁ ቢሆን እወድ ነበር።

እስከዚያው በመኸር ሰሞን አዲስ ልጅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ መኪና ውስጥ አስቀምጬ ከኋላዬ እንዲከተለኝ አደርጋለሁ። ከማሳ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ማሳ ይከተለኛል። ስንቆም የምጠይቀው መቼ ልቅደመው ብሎ እንዳሰበ ነው። "በሩ ጋ ስትደርስ፣ ስትቀንስ" ካለኝ፣ ትራክተሩ ላይ ስንወጣ ስለ ፍሬቻው ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ በቀጥታ ወደ ተሳቢው ፍሬን እንገባለን።