ሆዱን የሚነፋው ምስክር

ወፍራሙ ሰውዬ ሰዓቴን ተሰረቅሁ ብሎ ይጮኻል። አጠገቡ የነበረችው ጋራንስ ተይዛለች። ያየ ሰው የተገኘው ከፉናምቡል ቴአትር ደጃፍ ነው፦ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ሰፊ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ የአላፊ አግዳሚው መሣቂያ ሆኖ የተጎለተው ባቲስት። ምስክርነቱን የሚሰጠው ግን በአካሉ ነው።

የማርሴል ካርኔ «የገነት ልጆች» ፈረንሳይ በጀርመኖች እጅ ሳለች መቀረጽ ጀምሮ በ1945 እ.ኤ.አ. ለተመልካች የቀረበ ፊልም ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ግን ወደዚህች የጥቂት ደቂቃ ትዕይንት ነው። ባቲስትን የሚጫወተው ዣን ሉዊ ባሮ መጀመሪያ ሴቲቱን ይሆናል፤ ውበቷ ከወገቡና ከእጆቹ ይፈስሳል። ቀጥሎ ሆዱን ነፍቶ ባለሰዓቱን ይሆናል። ከዚያ ትከሻው ይሰበሰባል፣ ጣቶቹ ይሾልካሉ፤ ሌባው መጣ። ሦስት ሰው በአንድ ልብስ ሲገባና ሲወጣ አንዴም አይምታታብንም። ምስጢሩ፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ በመሐል ያለችው ቅጽበት ናት፦ አንዱን ሰው ሙሉ በሙሉ ሳያራግፍ ሌላውን አያነሣም። ሆድ መንፋት ማንም ይችላል፤ መቼ እንደሚተነፍስ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሕዝቡ ይስቃል፣ ጋራንስ ትለቀቃለች፣ ጽጌረዳም ትወረውርለታለች።

ባሮን ዝምተኛ ተዋናይ ብቻ ማድረግ ስሕተት ነው። በ1943 ለሰዓታት የሚዘልቀውን፣ ቃል እንደ ጎርፍ የሚወርድበትን የፖል ክሎዴል «የሐር ጫማ» በኮሜዲ ፍራንሴዝ ያዘጋጀው እሱ ነው። በ1946 ከባለቤቱ ከማድሌን ርኖ ጋር የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ከ1959 ጀምሮ የኦዴዮን ቴአትርን መራ፤ በ1968 ተማሪዎች ቴአትር ቤቱን ከያዙት በኋላ ከኃላፊነቱ ተነሣ። በ1994 አረፈ።

ያ በትዕይንቱ ሦስት ሰው የሚሆነው የባሮ አካል የተሠራው ግን በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በሻርል ዱላን አትሊዬ ቴአትር ነው። እዚያ ከኤትየን ደክሩ ጋር ባሉበት ቆመው መራመድን ያጠኑ ነበር፦ እግር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ደረት ወደፊት ይሄዳል፣ ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ተመልካች ግን መንገዱን ያያል። ደክሩ የዝምታ ትወና አስተማሪ ሆኖ ኖረ። በፊልሙ የተሰጠው ሚና የባቲስት አባት ነው፤ ሥራውም ከደጃፍ ቆሞ እየለፈፈ ተመልካች መጥራትና ልጁን በሰው ፊት ደደብ ማለት።