መሣሪያው ተወረሰ፤ ማነጻጸሩስ?

ኢያን ዶናልድ፣ ጆን ማክቪካርና መሐንዲሱ ቶም ብራውን እ.ኤ.አ. በ1958 ከግላስጎው ለ«ላንሴት» መጽሔት ያበረከቱት የሆድ ዕባጭ ጥናት ለአልትራሳውንድ ምርመራ ፈር ቀዳጅ ነው። ዋነኛ ብርታቱ ግን ከምስሎቹ ይልቅ የታየውን በቀዶ ሕክምና ከተገኘው ጋር ማነጻጸሩ ነው። በቀዶ ሕክምና የማይነሣ የጨጓራ ካንሰር አለባት የተባለች ሴት ሕመም የኦቫሪ ሲስት መሆኑ በቡድኑ ምርመራ ታይቶ በቀዶ ሕክምና ተረጋግጧል። ያም ሆኖ ጸሐፊዎቹ ግኝታቸው የሐኪሙን ውሳኔ ገና ሊመራ እንደማይገባ አሳስበዋል።

ወራሾቻቸው መሣሪያውን ተረከቡ፤ ማነጻጸሩን ግን ዘነጉት። «ሆድ» ከሚል ቃል በቀር የሕመም ታሪክ ያልሰፈረበት መጠየቂያ ለሚደርሰው የአልትራሳውንድ ባለሙያ፣ በቀዶ ሕክምና የተገኘውን የሚነግረው ብዙ ጊዜ የለም። ያልተነገረ ስሕተት ይደጋገማል፤ ዋጋውንም ሕመምተኛው ይከፍላል። የጥናቱ እውነተኛ ውርስ የሚጠበቀው የቀዶ ሕክምናው ውጤት ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲመለስ ብቻ ነው።