በጉበት የሚወሰን የፕሌትሌት ምልክት፦ በኮከብ 17 ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ሳራ ሲም፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለውን የጉበት ኤንዛይም በብዛት የሚያስመርት ኮከብ 17 የተሰኘ የዘረመል ዓይነት አስተዋውቋል። ድግግሞሹ በኢትዮጵያውያንም በስዊድናውያንም ከመቶ 18፣ በቻይናውያን ግን ከመቶ 4 ነበር። ኢትዮጵያውያን ከሌላ ሕዝብ በተቀዳ ግምት ሳይሆን በራሳቸው ደም መመዘናቸው የጥናቱ ታላቅ ብልጫ ነው።

ጉድለቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በማጠቃለያው ለአብነት የተጠቀሱት የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎችና የድብርት መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ የተፈራውም ቶሎ ተሰባብረው ሳይሠሩ መቅረታቸው ነው። ክሎፒዶግሬል ግን በተቃራኒው በዚሁ ኤንዛይም ካልተለወጠ አይሠራም።

ከተለወጠ በኋላ በፕሌትሌት ላይ ካለው ፒ2ዋይ12 ከተባለ ተቀባይ ጋር ሳይላቀቅ ይጣበቃል። ይህ ተቀባይ ኤዲፒ ሲደርሰው ጂአይ በተባለው ጂ-ፕሮቲን አማካይነት አዴኒሊል ሳይክሌዝን ያፍናል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይቀንሳል፣ ፕሌትሌቶችም ለመጓጎል ይዘጋጃሉ። አድሬናሊንም በራሱ ተቀባይና በጂዜድ በኩል ወደዚያው ያደርሳል። ፕሮስታሳይክሊን በጂኤስ በኩል ተቃራኒውን ይሠራል። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው የታሰረውን ተቀባይ በአዲስ አይተካም፤ ውጤቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ይዘልቃል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ክሎፒዶግሬል የጀመረ የልብ ሕመምተኛ ለክትትል ወደ ባቱ ቢመለስና ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ቢታዘዝለት ምን ይሆናል? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ያስጠነቀቀው ኦሜፕራዞል ኤንዛይሙን አግቶ ክሎፒዶግሬልን እንዳያዳክም ነበር። በ2010 የወጣው ኮጀንት የተባለው ጥናት፣ ምንም እንኳ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ፣ የልብ አደጋ መጨመሩን አላሳየም፤ የጨጓራና አንጀት መድማት ግን ቀንሷል።

ኮከብ 17 ያለበት ሰው ከዚህ የተለየ ሥጋት አለበት። ኦሜፕራዞሉ ቶሎ ይሰባበርበታል፣ ክሎፒዶግሬሉ ደግሞ ይበረታበታል። ሁለቱም የሚገፉት ወደ መድማት ነው። የመጀመሪያውን ገጽታ ያመላከተው ይኸው የ2006 ጥናት ሲሆን፣ ዓይነቱ ከመድማት ጋር መያያዙን ሲቢንግና ባልደረቦቹ በ2010 በጀርመን ሕመምተኞች ላይ አሳይተዋል። በሌላ ወገን በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 5 ያህሉ ኤንዛይሙ የማይሠራላቸው ነበሩ፤ ለእነዚህ አሳሳቢው የደም መርጋት ነው።

በኢትዮጵያዊ ፕሌትሌት ላይ መለካት የሚገባውም ይኸው ነው፤ የኤንዛይሙ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ክሎፒዶግሬል ከተወሰደ በኋላ የፒ2ዋይ12 ምልክት ምን ያህል እንደሚቀር። እስከዚያው ድረስ የባቱ ባለሙያ ክሎፒዶግሬል የሚወስደውን ሕመምተኛ፣ ኦሜፕራዞል እየወሰደም ቢሆን፣ ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ መጠየቁን መተው የለበትም።