ጀማሪን ማን ያባርረዋል?

በዚህ ዓምድ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፍ ቁም ነገር ያለቀበት ሰው ሥራ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በየቤታችን በራቸውን ዘግተው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚጫወቱ፣ በማያውቋቸውም ሰዎች የሚሰደቡ ልጆች አሉን። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ማታ ማታ እኔም እጫወታለሁ። «የጨዋታ ሰዎች ባለጌ ናቸው» የሚለው የተለመደ ፍርድ አይዋጥልኝም። ስድቡን በአመዛኙ የሚያመርተው የጨዋታው ሕግ ነው።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ አምስት ለአምስት የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። በእግር ኳስ ደካማ ተጫዋች ቢገባ አሠልጣኙ ይቀይረዋል። እዚህ ቅያሪ የለም፤ ጥሎ መውጣትም ያስቀጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ጀማሪው ሲሞት ገዳዩ ወርቅና የልምድ ነጥብ ማግኘቱ ነው። በወርቁ የተሻለ መሣሪያ ይገዛና ተመልሶ የቀሩትን አራቱን ያሳድዳል። ጀማሪው እንግዲህ የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን ለጠላት ስንቅ አቀባይ ሆነ ማለት ነው። ስሙንም «ፊደር» ይሉታል፤ ጠላትን የሚቀልብ ለማለት ነው። እርግጥ ደጋግሞ የሞተ ሰው ለገዳዩ የሚያስገኘው ወርቅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ግን ስሙ ወጥቶለታል።

የጨዋታው ባለቤት ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጫዋቾች ጨዋ ለሆነ ሰው ምስጋና የሚሰጡበትን ሥርዓት አስገባ። ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ምስጋናው የሚሰጠው ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ነው፤ ቁጣው ግን በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ይነሳል። «እኩያ ከእኩያው ይጋጠማል» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም። ነባሮቹ አዲስ ስም አውጥተው፣ የበግ ለምድ ለብሰው ጀማሪዎች መሐል ይገባሉና።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ ሒሳቡን ገልብጦታል። ጀማሪው ከስሙ አጠገብ የቡቃያ ምልክት አለው። ከቡድኑ መካከል አንድን ፍልሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ካለ፣ ሲጨርሱ ሁሉም ተጨማሪ ሽልማት ያገኛሉ። እዚያ «መጀመሪያዬ ነው» ማለት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ነባሮቹን ደስ ሲያሰኝ አይቻለሁ። ይህ በዋጋ የተገዛ ደግነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን፤ እኔ ከነጻ ስድብ እመርጠዋለሁ።

ጨዋታው ራሱ ጨካኝ ስለሆነ ነው እንዳይባል ደግሞ ኢቭ ኦንላይን አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን፣ ወራት ለፍተው የገዟት መርከብ ከተመታች አለቀላት። ሆኖም ተጫዋቾቹ ራሳቸው በ2004 ኢቭ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ጀማሪ ያስተምራሉ። ጽድቅ ፍለጋ ብቻ አይመስለኝም። ጦርነቱ የሰው ብዛት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያ ሳምንቱ ላይ ያለ ልጅም በርካሽ መርከብ ተጠግቶ የጠላትን መርከብ እንዳትሸሽ ጠፍሮ መያዝ ይችላል። ቢሞት ብዙ አያከስርም፤ ቢይዝ ግን ይመሰገናል።

ይህን ስጽፍ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ በሐሳቤ አለ። ስሙን የማልጠራውን ሌላ የአምስት ለአምስት ጨዋታ አውሮፓ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ይጫወት ነበር። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይበላል፤ እውነተኛው የኬብል መንገድ ደግሞ ጠማማ ነው። በርሊን ያለው ባላጋራው ሲተኩስ የእርሱ ትእዛዝ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህን የሚነግረው አልነበረም። የቡድን ጓደኞቹ የነገሩት ጨዋታውን ከኮምፒዩተሩ እንዲያጠፋው ነው። በስልክ ሳገኘው «አጎቴ፣ እጄ አይፈጥንም መሰለኝ» አለኝ። ስለ ኬብሉ ያስረዳሁት ካጠፋው በኋላ ነው።