ከመጠይቁ በፊት

በቅርቡ ከእኛ ጋራ ማስተማር የጀመረ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ተማሪዎቻችንን ወደ ገጠር ለመሸኘት ስንሰናዳ አይቶ፣ «ሕሙማን በሞሉበት ሆስፒታል መዋል ሲችሉ፣ ጤነኛው በሚበዛበት መንደር ሳምንታት የሚያሳልፉት ስለ ምን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅንነት እንጂ ከድፍረት የመነጨ ስላልነበረ፣ ደዌ ከሆስፒታል ደጅ ከመድረሱ አስቀድሞ የት ተፀንሶ የት እንደሚያድግ በትዕግሥት ነገርሁት፤ ይህን እዚህ መድገም ግን ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ። ብዕር ያስነሣኝ ወጣቱ ሳይሆን፣ ከአጠገባችን ቆሞ ይሰማ የነበረው የብዙ ዘመን ባልንጀራዬ በእኔ ፈንታ የሰጠው መልስ ነው። «መረጃ ለመሰብሰብ ነዋ!» አለና ነገሩን ዘጋው።

ከዚህ ሰው ጋራ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሸብተናል። በእርሱ ሥርዓት ተማሪዎቹ ገና ከመኪና እንደ ወረዱ መጠይቅ ይታደላሉ (ዛሬማ መጠይቁ በታብሌት ሆኗል)፤ ቀበሌውን በጎጥ በጎጥ ተካፍለው፣ ሽንት ቤት አለ የለም፣ ውኃው ከየት ይቀዳል፣ ሕፃናቱ ተከትበዋል አልተከተቡም እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይሮጣሉ፤ በመጨረሻም መቶኛው ተሰልቶ ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው ሹማምንት ይነበባል፣ ይጨበጨባልም። እኔ ደግሞ ቍጥርን የምንቅ ሰው ባልሆንም፣ ተማሪ በመንደር የሚያድርባቸውን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወረቀት ሳይዝ ሊያሳልፍ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ወደ ምንጩ ይውረድ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ከሚጠብቁት ጋራ ይቀመጥ፣ ገበያ ይውጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ይቁም፣ ለቅሶ ቢኖር ይድረስ፣ የመንደሩንም ካርታ በገዛ እግሩ ለክቶ በእጁ ይንደፍ። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚዞር የቆሎ ተማሪ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ጎተራ እንደ ጎደለ፣ በየትኛው ቤት በሽተኛ እንደ ተኛ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ፈላጊ ሆኖ ስለሚገባ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ነጭ ካፖርት ለብሰው ሰጪ መስለው ይገባሉ፤ ሰጪ ለመሰለ እንግዳ ደግሞ አገሩ ሁሉ ደስ የሚለውን ይነግረዋል።

አንድ ጊዜ በደምቢያ ሜዳ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ቤቱ ሁሉ ሽንት ቤት እንዳለው መዝግበው በደስታ አመጡልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ ከመዘገቧቸው ቤቶች ወደ አንዱ ጓሮ ይዣቸው ዞርሁ። ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር በቅሏል፤ ከአገዳ የተሠራውን መዝጊያ ገፋ ብናደርገው፣ በጉድጓዱ አጠገብ በተከመረው ገለባ ላይ አንዲት ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ተቀምጣ ኖሮ፣ ላባዋን ነፍታ ተቈጣችን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ሳይደነግጡም ሳያፍሩም፣ «ልጆቼ፣ አላችሁ ወይ አላችሁን፣ አለን አልናችሁ፤ ትገቡበታላችሁ ወይ ያለን መች አለ?» አሉ። ባልንጀራዬ ይህን በሰማ ጊዜ፣ «እንግዲያው ይህችን ጥያቄ እንጨምራታለን» ብሎ ጨመራት፤ በሚቀጥለው ዓመት ለእርሷም የመጣው መልስ «እንገባለን» የሚል ሆነ። ሰው እንግዳን ለማስደሰት ብሎ ይናገራል፤ ሣር ግን እንግዳን ለማስደሰት ብሎ አይበቅልም፣ አይረገጥምም።

ከዚህ የሚከብደው የልጆች ቈጠራ ነው። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ የወረደው መቅሠፍት በአገራችን ሰው ልብ ታትሞ የቀረ ይመስለኛል፤ እናት ልጆቿን በቍጥር አትጠራም፣ የሞቱትንማ በእንግዳ ፊት አታነሣቸውም። አንዲት ተማሪ «እትዬ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?» ብላ ጠይቃ፣ «እግዜር የሰጠኝን» የሚል መልስ ብቻ አግኝታ ነበር። በማግስቱ ከምንጭ ሲመለሱ ከሁለቱ ጀሪካኖች አንዱን ተቀብላት ዳገቱን አብራት ስትወጣ፣ ሴትዮዋ ለዕረፍት ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ንዳድ በጥቅምት እንደ ወሰደባት፣ ሌላይቱም በተቅማጥ ደርቃ እንደ ሞተችባት፣ ሳትጠየቅ ነገረቻት። ልጅቱ ያን ቀን የያዘችው ብዕር እንኳ አልነበረም፤ በመጠይቁ «የሞተ የለም» ተብሎ ተጽፎ የነበረውን ማታ ራሷ ሰርዛ አረመችው።

ይህን ሁሉ እኔ አልፈለሰፍሁትም። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወረደው ወባ ብዙ ሺሕ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድነት አስተምሮ፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው እንዲሠሩ ያሰማራ ነበር። በ1950 ክረምትና በ1951 መባቻ ያ መዓት በሰፊው ተመልሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምምና 150 ሺሕ ያህል ሲገድል፣ ሐኪም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሜዳው መውረድ እንዳለበት የተጠራጠረ ቢኖር እንኳ ጥርጣሬው በዚያ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን ከመነሻው በኅብረተሰብ ላይ ማቆሙ የሚመሰገን ነው፤ ተማሪው ከሕዝቡ ጋራ የሚተዋወቀው ሊመረቅ ሲል ሳይሆን ገና ከጅምሩ መሆኑን ከሁሉ አብልጬ እወድለታለሁ።

እኔ ጎንደር የደረስሁት ዘግይቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በተደረገው ትብብር የሕክምና ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ስለ መንደር ያስተማሩኝ ግን ፕሮፌሰሮቹ አይደሉም፤ አንድ የድሮ ሳኒታሪያን ነበሩ። ቤት ለመምረግ ጭቃ ከተቆፈረበት፣ የዝናብ ውኃም ካቆረበት ጉድጓድ ዳር በርከክ ብለው፣ በነጭ ጭልፋ ውኃውን ቀስ አድርገው ቀዱና ወደ ፀሐይ ዞር አድርገው አሳዩኝ፤ የወባዋ ቢምቢ እጭ ከውኃው ገጽ ጋራ ጋደም ብላ ስትንሳፈፍ፣ ሌላይቱ ግን ጭራዋን ወደ ላይ ሰቅላ ቍልቍል ተንጠልጥላ ነበር። ጉድጓዱ ከቤቱ እጅግ ቅርብ ስለ ነበረ የሕፃን ለቅሶ ይሰማናል። እኚህ ሰው ሐኪሞች ሲሰበሰቡ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ፣ ሲናገሩም የማይጠቀሱ ነበሩ፤ በወጉ አላመሰገንናቸውም የሚለው ቅሬታ ዛሬም አልለቀቀኝም።

የከተማ ልጅ ነበርሁና ከዚያ በፊት ገጠሬውን የማውቀው በሆስፒታል ኮሪደር ጋቢውን ተከናንቦ ተራ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ከመንደር ከተመለስሁ ወዲህ ግን በምርመራ ክፍል ሰው ፊቴ ሲቀመጥ፣ የት አመመህ ከማለቴ በፊት አገርህ የት ነው እላለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ነህ ወይስ ወዲህ፣ በቅርቡ ቤት ሠርታችኋል ወይ እላለሁ። ከበስተኋላዬ የሚቆሙት ነርሶች ሽማግሌው ጨዋታ ጀመረ ይላሉ። ይበሉ። በዚህ ሙያ ደስ ብሎኝ ያረጀሁት በዚህችው ጨዋታ ነው።

ባልንጀራዬ መጠይቁን እንዲተው ማድረግ እንደማይሆንልኝ ዐውቃለሁ። መርሐ ግብር የምታወጡ መምህራን ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ተማሪዎቹን መኪና እንዲገባላችሁ ብላችሁ በጥርና በየካቲት አትላኩ፤ ያን ጊዜ ጎተራው ሙሉ፣ ጉድጓዱ ደረቅ፣ ቢምቢዋም ጥቂት ናት። በመስከረምና በጥቅምት ላኳቸው። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ከዋናው መንገድ ወርደው በእግራቸው ይግቡ።