የራዲዮ ሞገድን ለሕዝብ ደኅንነት ስለ ማዛወር፤ ከዳባት በኩል የቀረበ ሂስ

የራዲዮ ሞገድ የማይታይ ንብረት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ አካባቢ፥ በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ሞገድ ቢናገሩ የሁለቱም ንግግር ይበላሻል። ስለዚህ መንግሥታት ሞገዱን እንደ እርሻ መሬት በድንበር ከፋፍለው ይህ ለቴሌቪዥን፥ ይህ ለስልክ፥ ይህ ለአውሮፕላን፥ ይህ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ብለው ይደለድሉታል። ድልድሉ አንድ ጊዜ ከተደረገ በኋላ ግን ኑሮ ይለወጣል፤ የአንዱ ድርሻ ጦሙን ሲያድር ሌላው በጥበት ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ ደንቡን በሙሉ ሳያፈርሱ፥ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ ብቻ ደንቡን አልፎ ሞገዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስችል ሥልጣን ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «ልዩ ፈቃድ» የምለው ይህንን ነው።

የምተቸው ሕግ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 337 ነው። እርሱን የመረጥኩት ስለዚህ ጉዳይ በዝርዝር ከተጻፉት ሕጎች አንዱ ስለ ሆነና ታሪኩም በጎውንና ክፉውን አጣምሮ ስለሚያሳይ ነው። የምጠይቀውም ይህንን ነው፦ ይህ ሕግ በዳባት፥ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ሰው ምን ያስተምረዋል? ምንስ ይጎድለዋል?

1. የኡኡታ ሕግ

በአገራችን ገጠር ኡኡታ ሲሰማ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ መሮጥ ይገባዋል። የጮኸው ሰው ባላጋራው እንኳ ቢሆን «ለመጮህ ማን ፈቀደልህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የራዲዮ ሕግም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1906 በበርሊን የተፈረመው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ቴሌግራፍ ስምምነት፥ ጣቢያዎች ከመርከብ ለሚመጣ የጭንቅ ጥሪ ከሁሉ አስቀድመው እንዲመልሱ ያስገድድ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 አባል የሆነችበት የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣው የራዲዮ ደንብም፥ በአደጋ ላይ ያለ ጣቢያ እርዳታ ለማግኘት በእጁ ባለው በማናቸውም የራዲዮ ዘዴ ቢጠቀም ደንቡ እንደማይከለክለው ይናገራል።

ነገር ግን ኡኡታ የሚጠቅመው ሰሚ ሲኖር ነው። በመንደር የሰው ሁሉ ጆሮ ክፍት ነው፤ በራዲዮ ግን ሰሚው የሚሰማው መሣሪያውን ባስተካከለበት ሞገድ ላይ የመጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ የመጮህ መብት፥ ከአደጋው በፊት ሞገዱ ታውቆ፥ መሣሪያው ተገዝቶ፥ አድማጩ ተመድቦ ካልቆየ ባዶ መብት ነው። ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ዝግጅት ነው።

2. አምስቱ ጥያቄዎችና ታሪካቸው

የኒውዮርክ ከተማና የአካባቢው የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞገድ ጠቧቸው በተቸገሩ ጊዜ፥ የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1995 ለቴሌቪዥን ተደልድሎ የነበረውን 16ኛውን ቻነል፥ ይኸውም ከ482 እስከ 488 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል፥ በልዩ ፈቃድ እንዲሠሩበት ፈቀደላቸው። ለጊዜው የተባለው ፈቃድ በ2004 ቋሚ ድልድል ሆነ።

በዚህ መካከል የአሜሪካ ምክር ቤት በ1997 አንቀጽ 337ን አወጣ። አንቀጹ ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንድ በኩል ከቴሌቪዥን ድርሻ 24 ሜጋኸርዝ ተቀንሶ ለሕዝብ ደኅንነት እንዲሰጥ ያዛል። በሌላ በኩል ለማንም ያልተሰጠ ሞገድ ሲገኝ የደኅንነት ሠራተኞች በልዩ ፈቃድ እንዲጠይቁት በር ይከፍታል። ፈቃዱ የሚሰጠው አምስት ነገሮች ሲረጋገጡ ነው፦ ለደኅንነት ከተደለደለው ውስጥ ለተጠየቀው ሥራ ወዲያው የሚገኝ ሌላ ሞገድ አለመኖሩ፤ አዲሱ ሥራ ጥበቃ የሚገባቸውን ሌሎች ተጠቃሚዎች የማይረብሽ መሆኑ፤ በዚያው አካባቢ ለደኅንነት ከተደረገው ሌላ ድልድል ጋር የሚስማማ መሆኑ፤ ሞገዱ ለነበረበት አገልግሎት ከተደለደለ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለፈው መሆኑ፤ በመጨረሻም ለሕዝብ የሚጠቅም መሆኑ።

የሁለቱ መንገዶች ዕድል ግን እጅግ ተለያየ። በልዩ ፈቃድ የተሰጠው 16ኛው ቻነል ሥራ ላይ ዋለ። በዐዋጅ የተሰጠው 24 ሜጋኸርዝ ግን የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ጨርሰው እስኪለቁት፥ ማለትም እስከ ሰኔ 2009 እ.ኤ.አ.፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በብዙ ሥፍራ በወረቀት ላይ ኖረ። መስከረም 2001 በኒውዮርክ የደረሰው ጥፋት በዚህ መካከል ነው። በዚያ ቀን ለደረሰው የመልእክት መቋረጥ ምክንያቱ የሞገድ እጥረት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ጥፋቱን የመረመረው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ ለደኅንነት አገልግሎት ተጨማሪ ሞገድ በአስቸኳይ እንዲሰጥ አሳስቧል። በኛ አነጋገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል።

ልዩ ፈቃድ የያዘውም ቢሆን ተዘልሎ አልተቀመጠም። በ2012 የወጣ ሌላ ሕግ፥ 16ኛው ቻነል የሚገኝበትን ከ470 እስከ 512 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል የደኅንነት ሠራተኞች ለቀው በጨረታ እንዲሸጥ አዘዘ፤ ይህ ትእዛዝ የተሻረው በታኅሣሥ 2020 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እነዚያ ሰዎች የሚሠሩት ነገ በሚወሰድባቸው ሞገድ ነበር።

3. የሚመሰገነው

ሕጉን ከመንቀፌ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። አምስቱ ጥያቄዎች ጠያቂውንም ሰጪውንም በጽሑፍ ምክንያት እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ልዩ ፈቃድ በባሕርዩ ለአድልዎ የተመቸ ነው፤ ደንብ ለሁሉ እኩል ሲናገር ልዩ ፈቃድ ለአንዱ ብቻ ይናገራልና። በዚያው አገር የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1969 በአንድ የራዲዮ ጣቢያ ጉዳይ ላይ፥ ሹሙ የቀረበለትን የልዩ ፈቃድ ጥያቄ በጥሞና ሊመረምር እንጂ በደፈናው ሊመልሰው እንደማይገባ ወስኗል። ከውሳኔው የምንረዳው ይህ ነው፦ ጠባብ መውጫ በር ያለው ደንብ ጨርሶ ከተዘጋው ደንብ ይልቅ ይጠነክራል፤ አስፈላጊው ጉዳይ በበሩ ስለሚያልፍ ግንቡን የሚያፈርሰው አይኖርምና። ይህ ትምህርት ለማንኛውም አገር ይበጃል።

4. ሕጉ ወደ ተራራ ሲወጣ

ዳባት ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገዱ በደባርቅ አድርጎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል የስሜን ተራሮች ይነሣሉ፤ ከፍታቸው ከ4,500 ሜትር ሲያልፍ፥ በአንዳንዱ ሥፍራ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል።

በዚህ አገር የአንቀጽ 337ን የመጀመሪያ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ወዲያው የሚገኝ ሌላ ሞገድ የለምን?» መልሱ «ሞልቷል» ነው። በስሜን ሰማይ ላይ እንደ ኒውዮርክ የሚጋፋ የለም። እንግዲህ በሕጉ ፊደል ከሄድን ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። የሕጉ ዋና ጉድለት እዚህ ላይ ይገለጣል። ሕጉ ሞገድን ይቈጥራል፤ ሞገዱ የት እንደሚደርስ ግን አይጠይቅም። በኒውዮርክ ያጠረው ሞገድ ነበር፤ በስሜን የሚያጥረው ግን ከገደሉ በታች የሚደርስ ድምፅ ነው።

ነገሩ ከተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው። የሞገዱ ርዝመት በጨመረ መጠን ከተራራ ጫፍ ጐንበስ ብሎ ወደ ሸለቆ የመግባት ዐቅሙ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ ኅብረት በ2015 ባሻሻለው ውሳኔ ቁጥር 646 አገሮች ለሕዝብ ደኅንነት እንዲያስቡበት ያመለከተው ክፍል ከ694 እስከ 894 ሜጋኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ34 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለከተማ ይህ ተስማሚ ነው፤ በመስኮትና በበር ገብቶ በሕንፃ ውስጥ ይሰማል፥ ሥዕልም ጽሑፍም ይሸከማል። በገደል አገር ግን በየሸንተረሩ ምሰሶ፥ በየምሰሶውም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የ150 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር ስለ ሆነ ከዚህ ይሻላል። ከ3 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ገደማ ያለው አጭር ሞገድ ደግሞ ቀጥታ ወደ ሰማይ ቢላክ አዮኖስፌር ከሚባለው ከላይኛው የአየር ክፍል ተመልሶ እንደ ዝናብ በአምባውም በሸለቆውም ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ቀን የሚመለሰው ከፍ ያለው፥ ሌሊት የሚመለሰው ዝቅ ያለው ነው። ስለዚህ አንድ ሞገድ ብቻ የፈቀደ ሹም የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ታሪክ ላስታውስ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን አቃጠለ። ፓርኩ ዋልያ የሚኖርበት፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፥ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ በ2017 ከዚያ መዝገብ የወጣ ነው። የአካባቢው ሰው በእግሩ ወጥቶ ከእሳቱ ጋር ታገለ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጣ። አሁን አንባቢ ይህን ያስተውል፦ አብራሪ የሚነጋገርበት የአቪዬሽን ሞገድ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው ነው፤ ድምፁን የሚሸከምበትም ዘዴ ከተራው የእጅ ራዲዮ ይለያል። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ራዲዮ ይዞ ቢመጣ የአገሩን ሞገድ ይዞ ይመጣል። በሸንተረሩ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ያለው፥ ኔትወርክ ካገኘ፥ የእጅ ስልኩ ነው። እሳቱ ወዴት እንደ ዞረ አስቀድሞ የሚያየው ግን ይኸው ገበሬ ነው። ሦስቱ እንዲሰማሙ ከተፈለገ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈረ የጋራ ሞገድ ያስፈልጋል።

የውጭ ረዳቶችን ጉዳይ በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1998 በታምፔሬ የተፈረመውና በ2005 የጸናው ስምምነት ከአንቀጽ 337 ይልቅ ለኛ ይቀርባል፤ ለአደጋ እርዳታ የሚመጣ የራዲዮ መሣሪያ በፈቃድና በሞገድ ደንብ እንዳይታሰር እንቅፋቱ እንዲነሣ ይጠይቃልና። እርሱም ቢሆን የሚያስበው ከውጭ ስለሚመጣው ነው፤ በቦታው ስለሚኖረው አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት የጠያቂው ነገር ነው። አንቀጽ 337 ጠበቃና መሐንዲስ ያለው ትልቅ ከተማ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ያስባል፤ ማስረጃ የማቅረቡንም ሸክም በጠያቂው ጫንቃ ላይ ያኖራል። የወረዳ ጤና ጣቢያና የፓርክ ጠባቂ ግን የረብሻ ስሌት ሠርተው ወደ አዲስ አበባ ሊልኩ አይችሉም። መጠየቅ ለሚችል ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ አደጋው ወዳለበት ሳይሆን ቢሮው ወዳለበት ይሄዳል።

5. «ደኅንነት» ስለሚለው ቃል

ከዚህ ሁሉ ጋር ሕጉን ስመረምር ከአምስቱ ጥያቄዎች ይልቅ የከበረብኝ ትርጓሜው ነው። በአንቀጹ መሠረት የሕዝብ ደኅንነት አገልግሎት ማለት ብቸኛ ወይም ዋና ዓላማው የሰውን ሕይወት፥ ጤና ወይም ንብረት መጠበቅ የሆነ፥ በመንግሥት አካል ወይም መንግሥት ለዚሁ በፈቀደለት መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት የሚሰጥ፥ ለሕዝብም በገንዘብ የማይሸጥ አገልግሎት ነው።

በአማርኛ ይህ ጥንቃቄ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያስፈልጋል። እኛ «ደኅንነት» ስንል ደኅና መሆንንም፥ የመንግሥትን የስለላ ሥራም በአንድ ቃል እንጠራለንና። «ለደኅንነት ሲባል ሞገዱ ተዛውሯል» የሚል ደብዳቤ አምቡላንስ የሚጠራበትን ድምፅ ሊከፍት ይችላል፤ ያለ ትርጓሜ ከተተወ ግን ያንኑ ድምፅ ሊዘጋም ይችላል። ስለዚህ ከአሜሪካው ሕግ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ትርጓሜውን እወስዳለሁ።

6. ማጠቃለያ

በኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1148 የሞገድን አስተዳደር ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ሥራ ስለ ጀመረ ሞገድ ፈላጊው በዝቷል፤ የሞገድም ዋጋ እየታወቀ ሄዷል። ዋጋው ሲወደድ ለገበያ የማይቀርበው ጥቅም ይረሳል። ስለዚህ ልዩ ፈቃድን የሚመለከት መመሪያ ሲጻፍ ከአምስቱ ጥያቄዎች በፊት አንድ ስድስተኛ ጥያቄ እንዲቀድም እመክራለሁ፦ የሚሰጠው ሞገድ አደጋው በሚደርስበት ሥፍራ ይሰማልን? ይህም በስሌት ብቻ ሳይሆን በሸለቆው ውስጥ ቆሞ በመሞከር እንዲረጋገጥ። ስሌቱንም ጠያቂው ሳይሆን ባለሥልጣኑ ራሱ ያውጣ። ለአጭር ሞገድ የሚሰጠው ፈቃድ የቀኑንና የሌሊቱን አንድ ላይ ይያዝ። የተሰጠውም ሞገድ በኋላ ለጨረታ እንዳይወሰድ፥ ቢወሰድም ምትክ ሳይገኝ እንዳይሆን ይጻፍ።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ሞገድ ለጥቂት ገበሬና ለጥቂት ዋልያ?» ይለኝ ይሆናል። የምመልስለት እንዲህ ነው፦ በስሜን ሰማይ ላይ ሞገዱ ጦሙን ያደረ መሬት ነው፤ ብንሰጠው የምናጣው ጥቂት ነው። ባንሰጠው ግን ገደሉ ሥር ያለው ሰው ኡኡ ብሎ የሚመለስለት የራሱ ድምፅ ብቻ ይሆናል።